ስለ አትክልት ቤት፤ ለጓሮ የሚስማማውን ስለ መምረጥና ስለ ማቀድ

በደጋውና በወይና ደጋው አገር ክረምት ሲገባ ምድሩ ሁሉ ይለመልማል፤ ነገር ግን የጓሮ አትክልት የሚተክል ሰው ከዓመቱ ወራት ሁሉ ይልቅ የሚቸገረው በዚሁ በለምለሙ ወራት ነው። ቲማቲሙ በሰኔ መልካም ሆኖ ይነሣል፤ በሐምሌ ግን ዝናሙ ቀንና ሌሊት በቅጠሉ ላይ ሲቈይ ምች የሚባለው በሽታ ይይዘዋል። በመጀመሪያ ቅጠሉ ፍል ውሃ እንደ ፈሰሰበት ሆኖ ይጠወልጋልና ይጠቁራል፤ ቀጥሎ ግንዱ ይይዛል፤ ፍሬውም ሳይበስል ቡናማ ሆኖ ይበሰብሳል። ድንችን የሚያጠፋውም ይኸው በሽታ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ አገር የድንቹን እርሻ አጥፍቶ 1 ሚሊዮን ያህል ሰው በራብና ራብ ባመጣው ደዌ እንዲያልቅ ምክንያት የሆነው እርሱ ነበር። ከምች የዳነውን አትክልት ደግሞ በረዶ በአንድ ሰዓት ይቀጠቅጠዋል፤ ከበረዶ የተረፈውንም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ያቃጥለዋል።

ስለዚህ በዛሬው ጊዜ በየከተማውና በየወረዳው ግሪን ሃውስ የሚባለውን የአትክልት ቤት ለመሥራት የሚያስቡ ሰዎች እየበዙ ሄደዋል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው የብርድ አገር ሰዎች የሠሩትን ቤት በሥዕል አይቶ፣ ያንኑ መልኩን ሳይለውጥ በጓሮው ለማቆም ነው። በዚያ አገር ቤቱ የተሠራው ሙቀት እንዳይወጣ አምቆ ለመያዝ ነው፤ በእኛ አገር ግን ከሁሉ በፊት የሚፈለገው ዝናሙን ከቅጠሉ ላይ ማስቀረትና ነፋሱን እንደ ልብ ማሳለፍ ነው። ይህን ሳይለዩ የተሠራ ቤት በመጋቢት ቀትር እንደ ምጣድ ይግላል፤ በሐምሌም ውስጡ በላብ ይረጥባል፤ በውጭ ሊሸሹት የነበረው በሽታ በውስጥ ተመችቶት ይቀመጣል። እንግዲህ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ቤቱ ምን ይመስላል ተብሎ አይደለም፤ በዚህ ቦታ አትክልቱን የሚያጠፋው ጠላት የትኛው ነው ተብሎ ነው።

የዚህ ቤት ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። የሮም ንጉሥ ጢባርዮስ በየቀኑ የሚበላው ኪያር የመሰለ ፍሬ እንዳይቋረጥበት፣ አትክልተኞቹ መንኰራኵር ባላቸው መደቦች ላይ እየተከሉ ቀን ወደ ፀሐይ ያወጡት፣ በብርድ ጊዜም ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ድንጋይ ይከድኑት እንደ ነበር ፕሊኒዮስ የተባለው የሮም ጸሐፊ ተናግሯል። በኮርያ አገርም በ15ኛው መቶ ዓመት ወለሉ ከበታች በእሳት የሚሞቅ፣ መስኮቱ በዘይት በተቀባ ወረቀት የተሸፈነ የአትክልት ቤት ይሠራ ነበር። በእንግሊዝ አገር የመስተዋት ቤት ለብዙ ዘመን የመኳንንት ብቻ ሆኖ ቈይቶ፣ በ1845 በመስተዋት ላይ የነበረው ግብር ከተነሣ በኋላ ወደ ብዙ ሰው ጓሮ ገባ። የዛሬው የላስቲክ ቤት አባት ግን ሀብት ሳይሆን ማነስ ነው። በአሜሪካ በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤሜሪ ኤመርት ለመስተዋት የሚበቃ ገንዘብ ስላላገኘ፣ በ1948 እንጨት አቁሞ ሴሎፎን በሚባል ስስ ሽፋን ከደነው፤ አትክልቱም በቀለለት። በስፔን አገር በአልሜሪያ አውራጃ ዛሬ 30,000 ሄክታር ያህል መሬት በላስቲክ የተከደነ ነው። በአገራችንም በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በዝዋይ ለውጭ ገበያ ጽጌረዳ የሚያበቅሉት ቤቶች በብረትና በላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ የሆላንድ ሰዎች በክረምታቸው የሚያነዱትን ማሞቂያ እነዚህ በአብዛኛው አያውቁትም። ይህም የእኛ ደጋ የሰጠን ጥቅም ነው።

የቤቱን ሙቀት ምክንያት ያወቀ ሰው አሠራሩን አይስትም። የፀሐይ ብርሃን በሽፋኑ አልፎ አፈሩንና ቅጠሉን ያሞቃል፤ አፈሩም በላዩ ያለውን አየር ያሞቃል። በሜዳ ቢሆን የሞቀው አየር ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛው በተተካ ነበር፤ በቤቱ ውስጥ ግን ጣራው ይከለክለዋል። የቤቱ ሙቀት በአብዛኛው ከዚህ እንጂ ከመስተዋቱ ጠባይ የሚመጣ አለመሆኑን አሜሪካዊው ሊቅ ሮበርት ዉድ በ1909 በትንንሽ ሳጥኖች ፈትኖ አሳይቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለሥራ ይጠቅማል። የሞቀው አየር መውጫ ካገኘ ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ መውጫ ካጣ በደጋ ፀሐይ እንኳ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ቲማቲምም ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሲሰነብት አበባው ሳያፈራ ይረግፋል። ስለ ሌሊቱም አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። ተራው ላስቲክ ምድር በሌሊት የምትለቀውን ሙቀት አይከለክልም፤ ስለዚህ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስም በሌለበት የታኅሣሥ ሌሊት የላስቲክ ቤት ውስጡ ከውጭ የማይሻልበት፣ አንዳንድ ጊዜም የሚብስበት ጊዜ አለ። ላስቲክ ጋርጃለሁና ውርጭ አይነካኝም ብሎ የሚተኛ ሰው ጧት ያዝናል።

እንደ አገሩ ከፍታ የቤቱ ዓይነት ይለያያል። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳልና፣ ለዝዋይ የሚበጀው ለደብረ ብርሃን አይበጅም። በቆላ የላስቲክ ቤት መሥራት ገንዘብ መጣል ነው፤ በዚያ የሚያስፈልገው በምሰሶ ላይ የተዘረጋ የጥላ መረብ ብቻ ነው። በወይና ደጋው፣ ይኸውም እንደ አዲስ አበባና አካባቢዋ ባለው አገር፣ ጣራው በላስቲክ የተከደነ፣ ጐንና ጐኑ ግን የሚጠቀለልና የሚወርድ ቤት ከሁሉ ይበልጣል። እንደ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነ፣ ውርጭ በሚበረታበት አገር ደግሞ የሰሜን ቻይና ገበሬዎች የሚሠሩትን መመልከት ይጠቅማል። እነርሱ በቤቱ አንድ ወገን ወፍራም የጭቃ ወይም የጡብ ግድግዳ ያቆማሉ፤ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል፤ ማታ ማታም ጣራውን በሣር ምንጣፍ ያለብሱታል። የእኛ ሰው ድንጋይ ካቡም ሰሌኑም አለው፤ የሚጐድለው ማታ የሚያለብስ፣ ጧት የሚገልጥ ትጉህ ሰው ብቻ ነው።

ቦታ ሲመረጥ ከቤት አጠገብ መሆኑ ከሁሉ ይቀድማል፤ የአትክልት ቤት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የሚታይ እንጂ እንደ ስንዴ እርሻ በሳምንት የሚጐበኝ አይደለም። ባሕር ዛፍ ከአጠገቡ መራቅ አለበት፤ ጥላውም ሥሩም ጠላት ነው። በተለይ በክረምት ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ብርሃን ስለሚያንስ ጥላ የሚጥል ነገር ሁሉ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። ሸለቆ ውስጥ ወይም ከአጥር ሥር ባለ ጐድጓዳ ቦታም አይሠራም፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይወርዳልና ውርጭ የሚተኛው በዚያ ነው። አፈሩ ዋልካ የሆነ እንደ ሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋም ይሰነጠቃል፤ ምሰሶውንም ያነቃንቃል። እንዲህ ባለ ቦታ የምሰሶውን ጕድጓድ እስከ ጠንካራው አፈር ድረስ ማውረድ፣ በቤቱ ዙሪያም የውሃ መውረጃ ቦይ መቈፈር የግድ ነው።

ስለ አቅጣጫ የአውሮፓ መጻሕፍት ረጅሙ ጐን ወደ ደቡብ ይመልከት ይላሉ። ይህ ለእነርሱ እውነት ነው፤ ፀሐይ በክረምታቸው ከደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ትሄዳለችና። በአዲስ አበባ ግን ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ቀትር ላይ ልክ ከራስ በላይ ትሆናለች፤ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜም ቀትር ላይ የምትገኘው በሰሜን በኩል ነው። ስለዚህ የጣራውን አናት ከሰሜን ወደ ደቡብ መዘርጋት ይሻላል፤ የወራጁና የማገሩ ጥላ ከጧት እስከ ማታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እየተዘዋወረ በአንድ መደብ ላይ ሳይረጋ ይውላል። የቦታው ነፋስ እጅግ የበረታ የሆነ እንደ ሆነ ግን ነፋሱን በአጭሩ ወገን መቀበል ከጥላው ሒሳብ ይበልጣል፤ የተቀደደ ላስቲክ ለማንም ብርሃን አይጠቅምም።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ፤ ብዙ ቤት ባዶውን የቀረው በዚህ ምክንያት ነውና። ጣራ የተጋረደ አትክልት ከሰማይ አንድ ጠብታ አያገኝም፤ የሚጠጣው ሁሉ በሰው እጅ የሚመጣ ነው። ምሳሌ ለማድረግ ወርዱ 6 ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ ቤት ይታሰብ፤ ወለሉ 60 ካሬ ሜትር ነው። በዚህ ውስጥ 108 የቲማቲም እግር ቢተከልና እያንዳንዱ ካደገ በኋላ በቀን እስከ 2 ሊትር ቢጠጣ፣ በቀን 200 ሊትር ያህል ያስፈልጋል ማለት ነው። ጣራው ራሱ ውሃ ይሰጣል፤ 1 ሚሊሜትር ዝናም በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ስለሚሆን፣ 20 ሚሊሜትር የሚዘንብበት አንድ ቀን ለዚህ ጣራ 1,200 ሊትር ያመጣል። በታዛው ግራና ቀኝ አሸንዳ ተደርጎ ወደ 5,000 ሊትር ታንከር ቢገባ አራት አምስት እንዲህ ያለ ዝናም ይሞላዋል። ነገር ግን የሞላው ታንከር የሚበቃው ለ25 ቀን ብቻ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው 150 ቀን 30,000 ሊትር ይፈልጋልና፣ ጕድጓድ፣ ወንዝ ወይም የማይቋረጥ ቧንቧ የሌለው ሰው ቤቱን በበጋ አትክልት አሞላለሁ ብሎ ማቀድ የለበትም። እንዲህ ያለው ሰው ቤቱን ለክረምትና ለችግኝ ብቻ ቢሠራው ምንም ኪሳራ የለበትም። ውሃውን በቀጭን ጎማ ጠብ ጠብ እያሰኙ በእግሩ ሥር መስጠት በባልዲ ከመርጨት እጅግ ይሻላል፤ ውሃውን ስለሚቈጥብ ብቻ አይደለም፤ ቅጠሉም ደረቅ ሆኖ ስለሚውል ነው። ጣራ ሠርቶ ዝናሙን ከከለከሉ በኋላ በባልዲ ቅጠል ማራስ ሥራውን ማፍረስ ነው።

ቋሚና ወራጁ ከብረት ቱቦ ወይም ከባሕር ዛፍ ሊሆን ይችላል። ብረቱ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ባሕር ዛፉ በዋጋው ይረክሳል፣ በየመንደሩም ይገኛል፤ ነገር ግን ቅርፊቱ ተልጦ በሚገባ መድረቅ አለበት። እግሩን ምስጥ እንዳይበላው በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ መሠረት ላይ በብረት ማሰሪያ ማቆም እንጂ በአፈር ውስጥ መቅበር አይገባም። አንዳንድ ሰው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባዋል፤ ይህ ለአጥር እንጂ የሚበላ ነገር በሚበቅልበት አፈር አጠገብ የሚደረግ አይደለም። እንጨቱም ብረቱም ላስቲኩን በሚነካበት በኩል ለስላሳ ይሁን፤ ምስማር፣ ጕጥና ስለታም ጠርዝ ሁሉ በነፋስ ጊዜ ቢላዋ ይሆናል። ብረት በፀሐይ ሲግል የነካውን ላስቲክ ስለሚያቃጥለው፣ ከላስቲኩ በሚገናኝበት በኩል ነጭ ቀለም መቀባት ወይም በነጭ ጨርቅ መጠቅለል ዕድሜውን ያረዝማል።

ስለ ሽፋኑ ምርጫው ሦስት ነው። መስተዋት ብርሃን በማሳለፍና በዕድሜ የሚበልጠው የለም፤ ነገር ግን ከባድ ነው፤ በበረዶ ይሰበራል፤ የተሰበረውም መደቡ ውስጥ ይገባል። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ጠንካራ ገበታ በረዶ ይችላል፤ 10 ዓመት ያህልም ይቈያል፤ ገንዘብ ላለው ሰው ለትንሽ ቤት መልካም ነው። ለብዙው ሰው የሚሆነው ላስቲኩ ነው። በገበያ ግን ሁለት ላስቲክ አለ፤ በዓይን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ተራው ለዕቃ መሸፈኛ የሚሸጠው ላስቲክ በደጋ ፀሐይ አንድ በጋ ሳይጨርስ እንደ ደረቀ ቅጠል ይሰባበራል። ለአትክልት ቤት ተብሎ የሚሠራው ግን የፀሐይን ጨረር የሚቋቋም መድኃኒት ተቀላቅሎበታል፤ ውፍረቱ 0.2 ሚሊሜትር የሆነው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቈያል። ስለዚህ የሚገዛ ሰው ውፍረቱንና ዋስትና የተሰጠበትን ዕድሜ በጽሑፍ ይጠይቅ። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚገዛ ሹም ከሆነም በውሉ ላይ እንዲጻፍ ያድርግ።

ስለ መተንፈሻ ብዙ ሊባል ይገባል። በብርድ አገር የመተንፈሻው ስፋት ከወለሉ አምስተኛ እጅ ይበቃል ይባላል፤ ለእኛ አገር ሢሶው ቢሆን ይሻላል። በተናገርነው 60 ካሬ ሜትር ቤት ይህ 20 ካሬ ሜትር ነው፤ ይኸውም በግራና በቀኝ ከመደቡ ከፍ ብሎ 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ እስከ ቤቱ ርዝመት የሚሄድ መጋረጃ ተጠቅልሎ ሲነሣ በትክክል ይገኛል። ይህ ብቻ አይበቃም፤ የሞቀው አየር የሚከማቸው ከላይ ነውና በጣራው አናት ላይ ደግሞ ከነፋሱ በተቃራኒ ወገን የሚከፈት 40 ሳንቲሜትር ያህል ክፍተት መተው ያስፈልጋል፤ አንደኛው የጣራ ክንፍ ከሌላው ከፍ ብሎ ቢደራረብ ዝናም ሳይገባ አየር ይወጣል። ቁመቱም እንዳይቈጠብበት። ታዛው 2 ሜትር ተኩል፣ አናቱ 4 ሜትር ቢሆን በውስጡ ብዙ አየር ስለሚይዝ ቶሎ አይግልም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም። ለ6 ሜትር ወርድ ይህ የአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ልዩነት ሌላም ጥቅም አለው፤ ጧት በላስቲኩ ውስጥ የሚጤዘው ውሃ ጣራው ለጥ ያለ እንደ ሆነ በቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ ጣራው ዘቅዘቅ ሲል ግን በላስቲኩ ላይ ተንሸራቶ በጐን ይወርዳል። ዝቅ ያለ ቤት ሠርቶ ላስቲክ የቈጠበ ሰው ያተረፈውን በመድኃኒት ርጭት ይከፍለዋል።

በመተንፈሻው ላይ የተባይ መከላከያ መረብ መዘርጋት መልካም ነው፤ በተለይ የቲማቲምን ቅጠልና ፍሬ የሚቦረቡረው ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የእሳት ራት በ2012 ወደ አገራችን መግባቱ ከታወቀ ወዲህ። ነገር ግን ደቂቅ መረብ ነፋሱንም ስለሚቀንስ፣ መረብ የሚያደርግ ሰው የመተንፈሻውን ስፋት ይጨምር።

የውስጡ አከፋፈል ቀላል ነው። በ6 ሜትር ወርድ ውስጥ እያንዳንዱ 1 ሜትር የሆነ 4 መደብ፣ በመካከላቸው ግማሽ ግማሽ ሜትር የሆነ 3 መሄጃ፣ በሁለቱም ጐን የሩብ ሜትር ክፍት ይደረጋል። መደቡ ከ1 ሜትር ከ20 ከሰፋ የሰው እጅ መካከሉን ስለማይደርስበት ሠራተኛው መደቡን ይረግጠዋል። በበሩ በኩል 1 ሜትር ባዶ ቦታ ቢተው እያንዳንዱ መደብ 9 ሜትር ይሆናል፤ በሁለት መስመር በየግማሽ ሜትሩ ቢተከል 36 እግር ይይዛል። ሦስቱ መደብ 108 ቲማቲም ሲይዝ አራተኛው ለችግኝ ይቀራል። ይህ አራተኛው መደብ ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ነገር ግን የቤቱን ዋጋ ቶሎ የሚመልሰው እርሱ ሊሆን ይችላል። ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሰላጣ ችግኛቸው በቤት ውስጥ አድጎ በውጭ ሊተከል ይችላል፤ ጐረቤቱም ጤነኛ ችግኝ በደስታ ይገዛል። ድንችን፣ ካሮትንና ነጭ ሽንኩርትን ግን በቤቱ ውስጥ መትከል በሰገነት ላይ ገብስ እንደ መዝራት ነው፤ በሜዳ ይብቀሉ።

በቤት ውስጥ ነፋስ ስለሚያንስ የቲማቲም አበባ ዱቄቱ በሚገባ አይረግፍም። ረፋድ ላይ ግንዱ የታሰረበትን ገመድ በየቀኑ ቀስ አድርጎ መነቅነቅ ይበቃዋል። ዱባን የመሰለው ግን ያለ ንብ አያፈራምና ቤቱ ሲዘጋ ይመክናል።

በቤቱ ውስጥ ያለ አፈር በሜዳ እንዳለው አፈር አይደለም። ዝናም ስለማያጥበው የማዳበሪያው ጨው በላዩ ይከማቻል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይታያል። ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች አንድ ወገን ናቸውና እነርሱኑ እያፈራረቁ በአንድ መደብ ላይ መትከል መለወጥ አይባልም፤ የሥር ትልና የሚያጠወልግ በሽታ ይነግሥበታል። በመካከሉ ሰላጣ፣ ጎመን ወይም ባቄላ መግባት አለበት፤ በየዓመቱም በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይጨመር። ላስቲኩ አርጅቶ የሚለወጥበት ዓመት ሲደርስ የቀድሞውን በክረምቱ መካከል አንሥቶ፣ አዲሱ ክረምቱ ሲወጣ እስኪለብስ ድረስ አፈሩን ለዝናም መስጠት የተከማቸውን ጨው ያጥበዋል። የተነሣው ላስቲክ በእርሻ ላይ አይጣል፤ ከብት ይበላዋል፣ ቦይም ይደፍናል።

በወረዳ ደረጃ ለሕዝብ ማሳያ የሚሠራ የሆነ እንደ ሆነ ትልቅ ቤት መሥራት አያስፈልግም። ሰው ትልቁን አይቶ ያደንቃል እንጂ ይህ ለእኔ ይሆናል አይልም። ከመንደሩ እንጨት፣ በመንደሩ አናጺ የተሠራ 60 ካሬ ሜትር ቤት፣ ወጪውና ገቢው በበሩ ላይ ተጽፎ የሚታይ ቢሆን፣ ከብረት ከተሠራው ትልቅ ቤት ይልቅ ብዙ ተከታይ ያገኛል። ቤቱንም በኀላፊነት የሚይዘው አንድ ሰው ተለይቶ ይታወቅ፤ ጧት መጋረጃውን የሚያነሣና ማታ የሚያወርድ ያልታወቀበት ቤት በመጀመሪያው ወር ይበላሻል።

ሥራው የሚጀመርበት ወራት ታኅሣሥና ጥር ነው፤ እንጨቱ ተቈርጦ ይደርቃል። በየካቲት መሠረቱ ይቈፈራል፤ በመጋቢት ቋሚና ወራጁ ይቆማል። ላስቲኩ የሚለበሰው ነፋስ በሌለበት፣ ለብ ባለ ረፋድ ነው፤ በብርድ የተወጠረ በቀትር ይላላል፣ የላላውንም ነፋስ እያራገበ ይቀደዋል። የቲማቲሙ ዘር በሚያዝያ መጨረሻ በችግኝ መደቡ ይዘራል፤ በሰኔ መጀመሪያ ወደ ቦታው ይዛወራል፤ ከሜዳው የሚመጣው ቲማቲም በገበያ በሚያንስበት በጳጉሜንና በመስከረምም ፍሬው መለቀም ይጀምራል።